የጄኔራሉን ፊርማ ብቻ አትሽጡልን

ይድረስ የጥንት ደብዳቤ ለምታጫርቱ ድርጅቶች፣ ለምትገዙ ሰብሳቢዎች፣ በመስታወት ሣጥን ለምታሳዩ ቤተ መዘክሮች፤ እንዲሁም በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን ወደነዚህ ቤተ መዘክሮች ለምትወስዱ ወገኖቻችን።

ጤና ይስጥልን።

የምንጽፍላችሁ ስለ አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ዋና አዛዡ ጆርጅ ዋሽንግተን ከባሕር ማዶ በፈቃዳቸው መጥተው ለተዋጉ ወጣት መኮንኖች የፈረማቸው የድጋፍ ደብዳቤዎች አሉ። አልፎ አልፎ አንዱ ለገበያ ይወጣል። ያን ጊዜ በማስታወቂያው ላይ በትልቁ የሚታየው ፊርማው ነው። የደብዳቤው ቃል በሁለት መስመር ይጠቀሳል፣ የተደገፈው ወጣት ስም ይጠራል፣ ከዚያ ዋጋው ይከተላል። ጀርባው አይታይም። ጽሑፉን የጻፈው እጅ የማን እንደሆነ አይነገርም። ደብዳቤው ምን እንዳስገኘ፣ ከ200 ዓመት በላይ በማን እጅ እንደቆየም አይገለጽም። ይህ አሠራር እንዲቀየር ነው የምንለምናችሁ። (ከዚህ በታች ያለው ቀን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፊርማውን ብቻ ማየት ምን እንደሚያሳጣ በአንድ ደብዳቤ እናሳያችሁ። ጃንዋሪ 13 ቀን 1778፣ በእኛ ጥር 1770 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ዋሽንግተን ከቫሊ ፎርጅ የክረምት ሰፈር ለኮንግረሱ (ለዓማፅያኑ ግዛቶች የጋራ ምክር ቤት) ፕሬዚዳንት ለሄንሪ ሎረንስ ጻፈ። ኮንግረሱ ያኔ ፊላደልፊያን ለእንግሊዞች ለቆ በዮርክ ከተማ ነበር የሚሰበሰበው። ደብዳቤው የሚደግፈው ቶማስ አንትዋን ዴ ሞድዊ ዱ ፕሌሲ የተባለውን የ24 ዓመት ፈረንሳዊ የመድፈኛ ሻምበል ነው። ዋሽንግተን «ጎበዝ ነው» ብሎ አላለፈም። ወጣቱ የተዋጋባቸውን ቦታዎች፣ ብራንዲዋይንን፣ ጀርመንታውንን፣ ፎርት ሜርሰርን፣ በየስማቸው ጠራ። በፎርት ሜርሰር ወጣቱ የመሐንዲስንም የመድፈኛ አዛዥንም ሥራ አጣምሮ እንደሠራ፣ የምሽጉን አሠራር በብልሃት እንዳሻሻለ ገለጸ። በመጨረሻም ትልቅ ሥራ በሠሩ ሰዎች ዘንድ ሁልጊዜ የማይገኝ ትሕትና እንዳለው መሰከረ።

«የምሽጉን አሠራር አሻሻለ» የሚለው ቃል ምን እንደያዘ ለማየት ወደ ቦታው መሄድ ያስፈልጋል። ፎርት ሜርሰር በዴላዌር ወንዝ ዳር፣ በኒው ጀርሲ በኩል፣ ሬድ ባንክ በሚባለው ስፍራ የነበረ የአፈር ምሽግ ነው። ሲሠራ ብዙ ሠራዊት እንዲይዝ ሆኖ ነበር። የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል ክሪስቶፈር ግሪን ግን በውስጡ የነበሩት ሰዎች 400 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በዚያ ቁጥር ያን ሁሉ ግንብ መጠበቅ አይቻልም። ዱ ፕሌሲ በመሐል አዲስ ግንብ አስገብቶ ምሽጉን አሳነሰው፣ የሰሜኑ ክፍል ባዶውን ቀረ። ኦክቶበር 22 ቀን 1777 በኮሎኔል ፎን ዶኖፕ የሚመሩ ለእንግሊዝ የሚዋጉ 1,200 ገደማ የሄሰን ጀርመኖች ሲያጠቁ በሰሜን በኩል ያለ ችግር ዘለቁ፤ ምሽጉ የተያዘ መስሏቸው እልል አሉ። ከዚያ ከውስጠኛው ግንብ ጥይትና መድፍ ወረደባቸው። ከ300 በላይ ሰው በሞትና በቁስል አጡ፤ ፎን ዶኖፕ ራሱ በዚያ ቁስል ሞተ። ዋሽንግተን በአንድ ሐረግ የጻፈው ይህን ነው። ከተጠቀሰው ቦታ ጀርባ ያለውን ሥራ ያላወቀ አንባቢ ደብዳቤውን እንደ ተራ ምስጋና ያነብበዋል።

የጠየቀለት ማዕረግም መብራራት አለበት። የተጠየቀው ሌተና ኮሎኔልነት «ብሬቬት» የሚባለው ዓይነት ነው፤ ባለቤቱ ማዕረጉን ይዞ ይጠራበታል እንጂ ቋሚ ጦር አይመራበትም። ይህ መንገድ የተመረጠው በምክንያት ነው። በፓሪስ የነበረው የአሜሪካ ወኪል ሲላስ ዲን ለውጭ መኮንኖች ከፍተኛ ማዕረግ በጽሑፍ ቃል እየገባ ይልክ ነበር። ትሮንሶን ዱ ኩድሬ ለተባለው ፈረንሳዊ የመድፈኛ ዋና አዛዥነት ቃል ተገብቶለት ሲመጣ የአሜሪካ ጄኔራሎቹ ሄንሪ ኖክስ፣ ናትናኤል ግሪንና ጆን ሰሊቫን በ1777 በጋ ሥራ እንለቃለን ብለው ለኮንግረሱ ጻፉ። ብሬቬት እንግዳውን አክብሮ የአገሩን ልጅ ተራ ሳይነካ የሚያልፍ መፍትሔ ሆነ። ኮንግረሱ ጃንዋሪ 19 ጥያቄውን ተቀበለ፤ ማዕረጉም ከኖቬምበር 26 ቀን 1777 ጀምሮ እንዲታሰብ አደረገ። ይህ የቀን ወደ ኋላ መመለስ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በሠራዊት ውስጥ ማን ማንን ይቀድማል የሚለው የሚቆጠረው ከማዕረጉ ቀን ነው። እንግዲህ በማስታወቂያችሁ ላይ «ዋሽንግተን አንድ ፈረንሳዊ አደነቀ» ብቻ ስትሉ ይህን ሁሉ ጥላችሁታል።

ዋሽንግተን የውጭ በጎ ፈቃደኛን በቀላሉ የሚያወድስ ሰው እንዳልነበረም ይታወስ። በ1777 መጀመሪያ አብዛኞቹ እናውቀዋለን የሚሉትን ሙያ እንደማያውቁ፣ የሚያውቁትም እንግሊዝኛ ስለማይችሉ ለመኮንንነት እንደማይረቡ አማርሮ ጽፏል። ጁላይ 24 ቀን 1778 ከዋይት ፕሌንስ ለኮንግረሱ አባል ለገቨርነር ሞሪስ በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ከወጣቱ ፈረንሳዊ ከላፋዬት በቀር አንድም የውጭ ሰው በመካከላችን ባይኖር ደስ ባለኝ እስከ ማለት ደረሰ። ስለዚህ እሱ የፈረመው የድጋፍ ቃል ክብደቱ የሚታወቀው እምቢ ካላቸው ሰዎች ብዛት ጋር ሲታይ ነው። ላፋዬትን ሲደግፍ እንኳ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 1777፣ ጠባዩን፣ በቋንቋ ያሳየውን መሻሻልና በብራንዲዋይን የታየውን ድፍረት ለይቶ ጠቅሷል። ላፋዬት ያኔ 20 ዓመቱ ነበር። በሜጀር ጄኔራልነት ማዕረግ ወራት ቢያልፉትም የሚያዝዘው ክፍለ ጦር አልነበረውም፤ ኮንግረሱ የፈቀደለት በዲሴምበር መጀመሪያ ነው።

በሌላ በኩል ያሉትን ደብዳቤዎችም አስቡ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ በፓሪስ ሳለ የድጋፍ ደብዳቤ ለማኝ ስለበዛበት ኤፕሪል 2 ቀን 1777 ለማያውቁት ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ ናሙና አዘጋጀ፤ በውስጡ ስለ ያዡ ምንም እንደማያውቅ፣ ስሙን እንኳ እንደማያውቅ በግልጽ ያስቀምጣል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ግን ራሱ ፍራንክሊን ስቶይበንን ለዋሽንግተን ሲያስተዋውቅ በፕሩሲያ ንጉሥ ሠራዊት ሌተና ጄኔራል ነው ብሎ ጻፈ፤ ሰውየው ከዚያ ሠራዊት በ1763 የወጣው በሻምበልነት ነበር። ስቶይበን በኋላ በቫሊ ፎርጅ ሠራዊቱን አሠልጥኖ ታላቅ ሥራ ሠርቷል፤ ደብዳቤው ግን ውሸት ነው። ፊርማው እውነተኛ፣ ቃሉ ሐሰት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሻጭ «ትክክለኛነቱ ተረጋግጧል» ሲል ወረቀቱን ማለቱ ነው ወይስ በውስጡ የተጻፈውን፣ ገዢው ይጠይቅ።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ።

በእኛ አገር የነገሥታት ደብዳቤ የሚታወቀው ከላይ በሚመታው ማኅተም ነው፤ ጽሑፉን የሚጽፈው ጸሐፌ ትእዛዝ እንደሆነ ማንም ያውቃል፣ ንጉሡ በእጁ ጻፈው የሚል የለም። የዋሽንግተንም ነገር ከዚህ አይርቅም። በጦርነቱ ዘመን ከሱ ቢሮ የወጡት አብዛኞቹ ደብዳቤዎች የተጻፉት በረዳት መኮንኖቹ እጅ ነው፤ ቴንች ቲልግማን፣ ሮበርት ሃንሰን ሃሪሰን፣ አሌክሳንደር ሃሚልተን፣ ጆን ሎረንስና ሌሎችም። ረዳቱ ያረቅቃል፣ ዋሽንግተን ያርማል፣ ንጹሑ ይገለበጣል፣ እሱ ይፈርማል፣ ረቂቁ በቢሮው ይቀራል። ስለዚህ የጽሑፉና የፊርማው ቀለም መጠነኛ ልዩነት ቢያሳይ አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ሃሚልተን ኦክቶበር 30 ቀን 1777 ወደ ሰሜኑ ጦር አዛዥ ወደ ጄኔራል ጌትስ ተልኮ፣ በመንገድ ታምሞ፣ ወደ ሰፈሩ የተመለሰው ጃንዋሪ 20 ቀን 1778 አካባቢ ነው። በጃንዋሪ የመጀመሪያ ሳምንት ከቫሊ ፎርጅ የወጣ፣ «በሃሚልተን እጅ የተጻፈ» የሚባል ደብዳቤ ካጋጠማችሁ ወይ የእጁ ባለቤት ሌላ ነው፣ ወይ ቀኑ ስሕተት ነው፣ ወይ የከፋ ነገር አለ። ስመ ጥር ስም ዋጋ ስለሚጨምር ሻጮች የማይታወቅ እጅ ሁሉ የሃሚልተን ነው ለማለት ይፈተናሉ።

ፈትሹ ስንል በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቀኑንና ቦታውን አስተያዩ፤ ሠራዊቱ በቫሊ ፎርጅ የቆየው ከዲሴምበር 19 ቀን 1777 እስከ ጁን 19 ቀን 1778 ነው። ቀጥሎ ወረቀቱን ለብርሃን ያዙት። የዚያ ዘመን የጽሕፈት ወረቀት ከጨርቅ ቁራጭ የተሠራ ሲሆን ብርሃን ሲያልፍበት የተቀራረቡ ቀጫጭን መስመሮችና እነሱን የሚያቋርጡ የተራራቁ መስመሮች ይታያሉ፤ ብዙ ጊዜም የፋብሪካው ምልክት አለ። ምንም መስመር የሌለው ለስላሳ ወረቀት ያኔ ብርቅ ስለነበር ብቻውን ባይፈርድበትም ሌላው ሁሉ በጥብቅ እንዲመረመር ያስገድዳል። ወረቀቱ ትክክል መሆኑ ግን አይበቃም። በ19ኛው መቶ ዘመን በፊላደልፊያ ይሠራ የነበረው አስመሳይ ሮበርት ስፕሪንግ ከአሮጌ መጻሕፍት ባዶ ገጽ እየቀደደ፣ በቡና ቀለም እያጠየመ የዋሽንግተንን የይለፍ ወረቀቶች ያመርት ነበር። ወረቀቱ እውነተኛ ጥንታዊ ነው፤ ጽሑፉ ነው አዲስ።

ይህን የሚያጋልጠው የቀለሙ ጠባይ ነው፣ አሥር እጥፍ በሚያጎላ መነጽር ይታያል። ከብረት ጨውና ከኦክ ዛፍ እባጭ የሚሠራው የዘመኑ ቀለም ሲጻፍ ጠቆር ብሎ በዘመናት ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ወረቀቱ ውስጥም ይሰርጋል። ደብዳቤው አዲስ ሳለ ተጽፎ ኋላ ከታጠፈ፣ በእጥፋቱ ላይ ያለው ቀለም ከወረቀቱ ጋር አብሮ ተሰንጥቋል። ወረቀቱ አስቀድሞ ታጥፎ አርጅቶ ኋላ ከተጻፈበት ግን ብዕሩ ስንጥቁን ሲያልፍ ቀለሙ በስንጥቁ ውስጥ ወደ ግራና ቀኝ ይፈስሳል። እንዲሁም ያረጀ ወረቀት ቀለም እንዳይመጥጥ የሚቀባው ሙጫ ስለደከመ የፊደሉ ጠርዝ እንደ ላባ ይበታተናል። ፊርማውን ከሥዕል ጋር ከማወዳደር በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች እዩ። በፊርማው ዘንድ የሚታየው ደግሞ የቅርጹ መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ዋሽንግተን ስሙን አሳጥሮ ከመጀመሪያው ፊደል ጎን ትንሽ ክብ ፊደል ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል፣ እጁም ሳይቆም ይነዳል። አስመሳይ ቀስ ብሎ ስለሚሥል መስመሩ ይንቀጠቀጣል፣ ብዕሩ በማይጠበቅበት ቦታ ይነሣል።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጡት። ማስታወቂያዎቻችሁ ከሁሉ ይበልጥ የሚበድሉት ጀርባውን ነው። ተቀባዩ ደብዳቤውን አጥፎ ሲያስቀምጥ በጀርባው ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ አንዳንዴም መቼ እንደተነበበ ይጽፍበታል። የሰም ማኅተሙ ሲከፈት የቀደደው ቦታ ይታያል። ይህ ማስታወሻ ደብዳቤው በማን መዝገብ ውስጥ እንደነበር ይናገራል፤ ከዚህ ደግሞ ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ ታዲያ እንዴት ወጣ?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ የድጋፍ ደብዳቤ ሁለት ዓይነት መሆኑን መለየት ይበቃል። አንደኛው ለመኮንኑ ለራሱ ተሰጥቶት ወደ አገሩ ይዞት የሚሄደው የምስክር ወረቀት ነው፤ ይህ በፈረንሳይ ቤተሰብ እጅ ቆይቶ ለሽያጭ ቢወጣ የሚደንቅ ነገር የለም። ሁለተኛው ለኮንግረስ ወይም ለአንድ ግዛት አስተዳደር የተጻፈው ነው፤ ይህ የመንግሥት መዝገብ ነው። ለኮንግረሱ የተላኩት የዋሽንግተን ደብዳቤዎች በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ በኮንቲኔንታል ኮንግረስ ወረቀቶች መካከል ይገኛሉ፤ ረቂቆቹና የቢሮው ግልባጮች ደግሞ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ባሉት 77,000 ያህል የዋሽንግተን ሰነዶች ውስጥ ናቸው። በጦርነት ጊዜ ደብዳቤ በመንገድ እንዳይጠፋ ሁለት ቅጂ መላክ ስለነበረ ለኮንግረስ የተጻፈ ሁሉ የተሰረቀ ነው አንልም። ግን ማስረዳቱ የሻጩ ድርሻ ነው።

ይህ የሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሃሚልተን ጁላይ 21 ቀን 1780 ለላፋዬት የጻፈው ደብዳቤ በ2018 ለጨረታ የቀረበው ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነበር። ደብዳቤው ከማሳቹሴትስ ቤተ መዛግብት በ1937 እና በ1945 መካከል የተሰረቀ መሆኑ ተደረሰበት፤ ኤፍቢአይ ያዘው፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የማሳቹሴትስ ነው ብሎ ወሰነ። በእጁ የነበረው ቤተሰብ ደብዳቤውን የወረሰ እንጂ የሰረቀ አልነበረም፤ ገንዘቡን ግን አላገኘም። ገዢዎች ሆይ፣ የባለቤትነት ሰንሰለቱን በጽሑፍ ሳትቀበሉ አትክፈሉ። «ከድሮ የግል ስብስብ» የሚለው ሐረግ ሰንሰለት አይደለም።

ዶክመንቶቹ የተበተኑበት ምክንያት ሌብነት ብቻ እንዳልሆነም እናውቃለን። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዊልያም ስፕሬግ የተባለ ወጣት አስተማሪ ግልባጭ እየተካ ከዋሽንግተን ወረቀቶች 1,500 ያህል ደብዳቤ እንዲወስድ ከወራሹ ተፈቀደለት። የታሪክ ጸሐፊው ጃሬድ ስፓርክስ ደግሞ ዋሽንግተን ያልተጠቀመበትን የመጀመሪያውን የበዓለ ሢመት ንግግር ረቂቅ እየቆራረጠ እጅ ጽሑፉን ለሚሹ ሰዎች አደለ። የስፓርክስ ጥፋት እስካሁን ያቃጥለናል፤ የንግግሩ ሐሳብ ዛሬ በቁርጥራጭ ነው የሚነበበው። ፊርማን ብቻ የመውደድ መጨረሻው መቀስ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህ ነው። አጫራቾች ከሽያጩ በፊት የሁሉንም ገጽ፣ የጀርባውንም ጭምር፣ ጥራት ያለው ፎቶ አውጡ፤ ሙሉውን ቃል ገልብጡ፤ የጽሑፉ እጅ የማን እንደሆነ፣ ካልታወቀም «የማይታወቅ ረዳት እጅ» ብላችሁ ጻፉ፤ በቤተ መዛግብት ያለውን ረቂቅ ወይም ግልባጭ ጥቀሱ። ይህን ማድረግ ዛሬ ቀላል ነው፤ ፋውንደርስ ኦንላይን በሚባለው የብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነጻ ድረ ገጽ ላይ በቀንና በተቀባይ ስም መፈለግ በቂ ነው። እዚያ የሌለ ደብዳቤ በእጁ ያለ ሰው በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ1968 ጀምሮ የዋሽንግተንን ወረቀቶች ለሚያሳትመው ቡድን ምስሉን ይላክ፤ ወረቀቱ ከእጁ አይወጣም፣ ቃሉ ግን ይተርፋል። ቤተ መዘክሮች በሣጥኑ ጎን የኮንግረሱን ውሳኔ ቀንና ይዘት አስቀምጡ፤ መብራቱን ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አታሳልፉ፣ ለጥቂት ወራት አሳይታችሁም አሳርፉት፤ የብረቱ ቀለም በራሱ አሲድ ወረቀቱን የሚበላ ነውና ብርሃንና እርጥበት አትጨምሩበት።

ወገኖቻችን፣ እናንተ ዘንድም ተመሳሳይ ወረቀት አለ። አያት ቅድመ አያታችሁ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአርበኛ አለቃ የተቀበሉት፣ እገሌ በዚህ ቦታ ይህን ሠርቷል የሚል፣ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት በስንቱ ቤት በሻንጣ ውስጥ ተቀምጧል። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ላሚኔት አታስደርጉት፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ይጣበቃል፣ ኋላ ሲላቀቅ ቀለሙንና ማኅተሙን ይዞ ይነሣል። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይሰርጋል። እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቃችሁ፣ በመስኮት ብርሃን ፊቱንም ጀርባውንም በስልክ አንሡ፤ አሲድ በሌለው አቃፊ ውስጥ ሳይታጠፍ አስተኙት። ባለቤቱ ማን እንደነበረ፣ አለቃው ማን እንደሆነ፣ ቦታው ዛሬ በምን ስም እንደሚጠራ በሕይወት ያሉ አዛውንት ሳሉ ጠይቃችሁ በሌላ ወረቀት በእርሳስ ጻፉና አብራችሁ አስቀምጡ። ፎቶውን አዲስ አበባ ለሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ብታሳዩ ምክርም ታገኛላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥንት ደብዳቤዎችን በማንበብና በመመዝገብ ሥራ ላይ ያለን